ዋስ ያልተገኘለት ፎርም

ቡራዩ፣ መስከረም 16 ቀን 1958 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለያለምወርቅ ቦጂያ
ስዊድን አገር፣ ዮተቦሪ ከተማ

አባትሽን በልጅነትሽ የወሰደ አምላክ አንቺን በሰው አገር ይጠብቅልኝ። አዲሱ ዓመት በጤና ገብቶልናል፤ ላንቺም እንዲሁ ይሁንልሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ባለቤቴ ተረፈችም ደህና ናት፤ ጉልበቴን በቅባት እያሸች በምላሷ ደግሞ እኔን ታሸኛለች። ላሚቱ ወልዳለች። ጥጃዋን በስምሽ ልትጠራት ፈልጋ ነበር፣ ከለከልኳት።

ዛሬ የጻፍኩልሽ ምክር ፈልጌ ነው። መሳቅ ተፈቅዶልሻል። እንደምታውቂው አሁን የአውቶቡስ ድርጅታችን የስምሪት ሹም ነኝ፤ የትኛው ሾፌርና የትኛው ቲኬት ቆራጭ በየትኛው መስመር እንደሚወጣ የምመድበው እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ዲሬክተሩ ሰብስቦን፣ “ከእንግዲህ ሴቶች ቲኬት ቆራጮች እንቀጥራለን። ለሙከራ ሦስት ሴቶች፣ ለስድስት ወር። ሦስቱም ከጸኑ በራችን ለሴት ይከፈታል። አንዷ ከወደቀች ነገሩ ቀረ” አለን። ሁላችንም ኮርኒሱን አየን። ቀጥሎም ወደ እኔ ዞሮ፣ “ኦቦ መገርሳ፣ እርስዎ ሴት ልጅ አሳድገዋል፤ ለእርስዎ ትቼዋለሁ” አለኝ። አንቺን ማለቱ ነው። ሌላ ልጅ የለኝ።

ልጆቹ ሦስት ናቸው። ድንቅቱ የሰበታ ልጅ ናት፤ ታጭታለች፣ ዝምተኛ ናት። ጠጅቱ ከሱሉልታ ናት፣ እሷ እንኳ ዝምተኛ አይደለችም። ማሪቱ የእኛው የቡራዩ ናት፤ አባቷን ታውቂዋለሽ፣ ከመንዝ መጥቶ የጨርቅ ሱቅ የከፈተው ሰው ነው። ፈተናውን ሦስቱም አልፈዋል፤ ማሪቱማ በሒሳብ ወንዶቹን ሁሉ በልጣቸዋለች። ችግሩ ዋስ ነው። ደንቡን ታውቂያለሽ፣ ዋስ ያልፈረመበት ፎርም ከመሳቢያ አይወጣም። ለሴት ደግሞ ማን ይፈርማል?

ተቆጣጣሪያችን ገብረየስ፣ ያ ከሰሜን የመጣው፣ “ኦቦ መገርሳ፣ አውቶቡስ ነው የምናሰማራው ወይስ ሰርገኛ?” ብሎ ጋራዡን ሁሉ አስቆብኛል።

እዚያ ትራም በሚሉት የከተማ ባቡር ላይ ሴቶች ቲኬት ይቆርጣሉ ብለሽ ጽፈሽልን ነበር። አንቺ የሆስፒታል ሠራተኛ ብትሆኚም በየቀኑ መሳፈርሽ አይቀርም። እስቲ አስተውለሽ ንገሪኝ። የት ነው የሚለብሱት? ሰው ሲሰድባቸው ምን ያደርጋሉ? ሌላም አጎት የማይጠይቀው ነገር አለ፤ ገብቶሻል።

ያሳደገሽ አጎትሽ
መገርሳ


ዮተቦሪ፣ ጥቅምት 2 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለኦቦ መገርሳ

አካም ጅርቱ? ጤናዎና ዕድሜዎ ይብዛልኝ። የእትዬ ተረፈችን ሁለት ጉንጮች ስለ እኔ ሆነው ይሳሙልኝ፤ እምቢ ካለች በግድ። ጥጃዋን በስሜ ትጥራት። ቢያንስ አንዷ ያለምወርቅ ግቢያችሁ ውስጥ ትኑር።

ደብዳቤዎን ሳነብ እንደፈቀዱልኝ ሳቅሁ። ከዚያ ተቀምጬ አሰብኩበት። መጀመሪያ ክፍል ይስጧቸው። ትንሽም ብትሆን በር ያላት፣ ቁልፏም በእነሱ እጅ የሆነች ክፍል። ቁልፉ ተቆጣጣሪ ኪስ ውስጥ ከሆነ ክፍሉ የለም ማለት ነው። ልብሳቸው በልካቸው ይሰፋ፤ የወንድ ኮት አሳጥረው እንዳይሰጧቸው። ሴት በማያምርባት ልብስ ሰው ፊት ስትቆም ግማሹ ድፍረቷ ቤቷ ይቀራል። አጎት የማይጠይቀውን ስለጠየቁኝ ደግሞ እመልሳለሁ። በወር ውስጥ የሚከብዷቸው ቀኖች አሉ። በእነዚያ ቀኖች ለምን ሳይባሉ ወርደው አረፍ ይበሉ፤ ክፍላቸው ውስጥም ውሃና ክዳን ያለው ቅርጫት ይኑር። ይህን የምትነግራቸው አንቱ ሳይሆኑ እትዬ ተረፈች ትሁን፤ ያለዚያ ሦስቱም በዚያው ቀን ሥራ ይለቃሉ።

የሚሰድባቸው አይጠፋም። እዚህም አይጠፋም። ዋናው፣ ሲሰደቡ ለማን እንደሚናገሩ ማወቃቸው ነው። “ለአለቃ” አይበሏቸው፣ ስም ይስጧቸው። “ለእኔ ለመገርሳ” ይበሏቸው።

ሌላ አንድ ነገር ላክልበት። ልጅ ሆኜ በሱሉልታ አውቶቡስ ስንሄድ፣ ወተት ይዘው የሚሳፈሩትን እናቶች ቲኬት ቆራጩ አማርኛ ስለማያውቁ ብቻ እንደ ዕቃ ሲገፋቸው አይቻለሁ። እነዚህ ሦስት ልጆች ኦሮምኛ ያውቃሉ። ይናገሩበት። ማንም ይቆጣ።

የእኔ ፎርም በ1951 ዓ.ም. ጠፍቶ ቀረ አይደል? “ተፈልጎ ታጣ” ያሉኝ አንቱ ነበሩ። የእነዚህ እንዳይጠፋ አደራ።

ልጅዎ
ያለምወርቅ


ቡራዩ፣ ኅዳር 27 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለልጄ ለያለምወርቅ

በያለሽበት ማርያም ከፊትም ከኋላም ትሁንሽ። ብርዱ በርትቷል ብለሽ ለሚሲዮኑ ክሊኒክ ሲስተር የጻፍሽውን ሰማን፤ ተረፈች ጋቢ ልትልክልሽ እየፈተለች ነው። እኛ ደህና ነን። ጥጃዋ ያለምወርቅ ተብላለች፤ እንደ ስሟ ባለቤት አጥር ትዘላለች።

ዋስ ተገኘ! እንዴት እንደተገኘ ብነግርሽ አታምኚኝም። ሱሉልታ የጠጅቱ አጎት ዘንድ ሦስት እሑድ ተመላለስኩ። “ለበሬ ዋስ ሁን በለኝ፣ እሆናለሁ። ለሴት ልጅ ግን ነገ የት እንደምትሄድ ማን ያውቃል?” አለኝ። እዚያ ሜዳ ላይ ውርጩን ችዬ፣ እርጎውን ጠጥቼ፣ ስለ ከብቶቹ በሽታ ሁለት ሙሉ ቀን አዳምጬ፣ በሦስተኛው አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ አተመልኝ። የፈረመው እኔን ለመገላገል ይመስለኛል። የማሪቱን አባት፣ “ሱቅህን ጥለህላት መንዝ ድረስ ትሄዳለህ፤ ለአንተ የታመነች ለሕዝብ አትታመንም?” ስለው ወዲያው ፈረመ። ለድንቅቱ የእናቷ ወንድም ሰበታ ላይ ፈርሞላታል፤ ሰው አፍ እንዳትገባ ብቻ ብሎ።

ክፍሏንም አገኘሁ። አሮጌ ጎማ የሚቀመጥባትን ግምጃ ቤት አስጠርጌ ኖራ አስቀባኋት። ገብረየስ ትርፍ ቁልፍ ይሰጠኝ አለ። የለም አልኩት። ተበሳጭቶ ሄደ። ተረፈችም መጥታ በሩን ዘግታ አነጋገረቻቸው። ምን እንዳለቻቸው አልጠየቅሁም፤ ሳቃቸው ግን ውጭ ድረስ ይሰማ ነበር።

የኦሮምኛውን ነገር በጽሑፍ አላወጣሁትም፤ ቢሮ የሚያኮርፍ አለ። በቃል ነገርኳቸው። የመጀመሪያ ቀን ጠጅቱ የአንዲትን እናት የወተት ቅል ተቀብላ በቋንቋቸው ሰላም ብትላቸው፣ እናትየው እስከ ሱሉልታ እጇን ይዘው መርቀዋታል። ሥራ አስፈትተውብኛል ግን ደስ አለኝ።

አሁን ደግሞ የራሴን ብልሃት ስሚ። እያንዳንዳቸውን በየአገራቸው መስመር መደብኳቸው። ድንቅቱ ሰበታ፣ ጠጅቱ ሱሉልታ፣ ማሪቱ ቡራዩ። ዘመድና ጎረቤት መሐል ማን ይነካቸዋል? ይህ ከስዊድን የመጣ ምክር አይደለም፤ ከእኔው ጭንቅላት የወጣ ነው።

ልብስ ሰፊው ባርኔጣ ላይ ቸግሮታል። የዚያ አገር ሴቶች ባርኔጣ ያለበት ፎቶግራፍ ብትልኪልኝ።

ካለፈው ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ ሌላም የጻፍሽው ነበር። ውሃ ፈስሶበት በደንብ አልተነበበኝም።

አጎትሽ መገርሳ


ዮተቦሪ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለአጎቴ

ለመጪው ገና እንኳን አደረሰዎ። እዚህ ፀሐይ ለምሳ ብቅ ብላ ትሄዳለች፤ የእናንተን ፀሐይ በእጄ ዘግኜ ባመጣሁ እያልኩ እውላለሁ።

ፎቶግራፉ ይኸው። አምስት ቲኬት ቆራጮች ከትራም ፊት ቆመው ነው። ባርኔጣው በደንብ ይታያል። ለልብስ ሰፊው ከመስጠትዎ በፊት ለእትዬ ተረፈች ያሳዩልኝ። አደራ፣ መጀመሪያ ለእሷ።

ውሃ የፈሰሰበትን መጨረሻ ሌላ ጊዜ ደግሜ እጽፈዋለሁ።

ያለምወርቅ


ቡራዩ፣ ጥር 24 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለልጄ ለያለምወርቅ

የጥምቀቱ በረከት ይድረስሽ። ሰላምታዬ ዛሬ አጭር ነው፤ ተጨንቄያለሁ።

ፎቶግራፉ በደረሰ ዕለት ልብስ ሰፊው ቢሮዬ ተቀምጦ ስለነበር ከእጄ ነጥቆ ወሰደው። ባርኔጣው አምሮ ተሰፍቷል፤ ተረፈች ግን ገና አላየችውም። ሳስመልስ አሳያታለሁ። አሁን ጭንቀቴን ስሚ።

ድንቅቱ የታጨችው ለሰበታው ለኦቦ ኩምሳ ልጅ ነው። የታጨች ልጅ በአማቷ ፊት እንደማትቆም፣ ስማቸውን እንደማትጠራ አንቺም ታውቂያለሽ። እኔም አውቃለሁ። ብቻ ኩምሳ በቅሎ ያለው ሰው ነው፣ አውቶቡስ ይሳፈራል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩ። በቅሎው አነከሰች። በጥምቀት ማግሥት ከአዲስ አበባ ሲመለስ የድንቅቱ አውቶቡስ ላይ ወጥቶ አራተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ልጅቷ ከፊት ጀምራ እየቆረጠች መጣች። እሱ ዘንድ ስትደርስ ቀና ብትል አማቷ! ነጠላ የላት፣ ዩኒፎርም ነው የለበሰችው። ምን ታድርግ? ያን የስዊድን ባርኔጣ አውልቃ ፊቷን ሸፈነች። ደወሉን ደውላ አለም ገና ላይ ወረደች። ሾፌሩ መውረዷን አላየም፤ ነድቶ ሰበታ ገባ። ሰበታ ደግሞ ገብረየስ ቆሞ ይጠብቃል። ከግማሽ በላይ ተሳፋሪ ያለ ቲኬት!

ገብረየስ ሪፖርት ጻፈ። የእናቷ ወንድም ሰበታ ሁሉ ሲስቅ ሰምቶ ዋስትናውን አነሣ። በደንቡ አዲስ ዋስ በሁለት ወር ውስጥ ካላገኘች ትሰናበታለች። እሷ ከተሰናበተች ሙከራው ወደቀ፤ ጠጅቱና ማሪቱም አብረው ይወጣሉ። እኔ እንዳልፈርምላት የስምሪት ሹም በሥሩ ላለ ሠራተኛ ዋስ መሆን ክልክል ነው። ዲሬክተሩ “ልጅቷ ራሷ ብትለቅ ለሁላችሁም ክብር ነው” አለኝ። ልንገራት? ልጅቷ በየቀኑ እየመጣች ክፍሏ ውስጥ ዩኒፎርሟን ለብሳ ትቀመጣለች፤ ሥራ አልሰጠኋትም። ሳልፍ በሩ ሥር ጫማዋን አያለሁ። ምን ልበላት?

አጎትሽ


ዮተቦሪ፣ የካቲት 20 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ

እግዜር ያበርታዎ። ዛሬ እቆጣለሁ፤ በኋላ ይቅር ይበሉኝ።

እንዳይነግሯት! ምን አጠፋች? አማቷን አከበረች፣ ተሳፋሪ አልሰደበች፣ ያልሆነ ቦታ ያስቀመጧት አንቱ ነዎት። ዘመድ መሐል ትጠበቃለች ብለው በዘመድ አሰሯት። የሰበታዋን ልጅ ሱሉልታ ይላኳት፣ የሱሉልታዋን ቡራዩ፣ የቡራዩዋን ሰበታ። የማንም ምራት ያልሆነችበት ቦታ ላይ ቲኬት ቆራጭ ብቻ ትሆናለች። ነገ ጠዋት ያድርጉት፣ ይህን ደብዳቤ ሳያጥፉ።

እኔም እዚህ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሽማግሌ ቲኬቱን ከእጄ አልቀበልም ብሎ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ወርጄ ቤቴ ገባሁና አለቀስኩ። አለቃዬ በማግሥቱ “ያው መስመር ነው የምትወጪው፣ እኔም ከኋላ ወንበር እቀመጣለሁ” አለችኝ። አንድ ሳምንት አብራኝ ተቀመጠች። በሦስተኛው ሳምንት ሽማግሌው “ደህና አደርሽ” አለኝ። አሁን ሲሳፈር ስለ ጉልበቱ ያወራልኛል፤ የአንቱን ጉልበት እነግረዋለሁ።

አዎ አጎቴ፣ ከእጄ ነው ያልኩት። ሁለት ዓመት ወደዚህ ይዛኝ የመጣችውን ነርስ ልጆች አሳደግሁ፣ አንድ ዓመት ሆስፒታል ወለል አጠብኩ፤ ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት ሙሉ ትራም ላይ ቲኬት ቆራጭ ነኝ። ሆስፒታል ነኝ እያልኩ የዋሸሁት እንዳያፍሩብኝ ብዬ ነው። ፎቶግራፉን ያስመልሱ። ለእትዬ ተረፈች ያሳዩዋት።

ውሃ የፈሰሰበትንም ደግሜ እጽፈዋለሁ ብዬ ነበር። ፎርሜ አልጠፋም። አንቱ መዝገብ ያዥ ነበሩ፣ ከመዝገብዎ አንዲት ወረቀት ጠፍታ አታውቅም። ፈተናውን አልፌ፣ ዋስ ብቻ ቀርቶኝ፣ ይፈርሙልኝ ብዬ ለመንኩዎት። ጠፋ አሉኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ ላምንዎት ሞከርኩ። አልሆነልኝም።

ያለምወርቅ


ዮተቦሪ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1958 ዓ.ም.

አጎቴ፣ እንደምን አሉ?

ሁለት ወር ሊሞላ ነው፣ መልስ የለም። ፖስተኛው ሲያልፍ መስኮት ላይ ቆሜ አያለሁ። ከተቆጡ ተቆጥቻለሁ ብለው ይጻፉልኝ። ከታመሙ ሰው ያስጽፉልኝ። ስለ ድንቅቱም አንድ መስመር።

ያለምወርቅ


ቡራዩ፣ ግንቦት 6 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለልጄ፣ ለያለሜ

የልቤን የሚያውቅ አምላክ ይህን ወረቀት ደህና ሆነሽ እንድታነቢው ያድርግሽ። አልታመምኩም። አልተቆጣሁም። አፈርኩ እንጂ። ብዕር ባነሣሁ ቁጥር ከሰላምታው አላልፍ አለኝ።

ከሥራው ልጀምር፣ እሱ ይቀለኛል። መስመሩን ደብዳቤሽ በደረሰ ማግሥት ቀየርኩት። ድንቅቱን “ነገ ሱሉልታ ነሽ” ስላት ባርኔጣዋን ጨብጣ “ገለቶማ፣ ኦቦ” ብላ ብቻ አመሰገነች። አንድ ሳምንት ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩላት፤ ጉልበቴ አለቀ። ያቺ ዝምተኛ ልጅ የእንጦጦን ዳገት ስንወጣ እንዴት እንደምትናገር ብታዪ! ማሪቱ ደግሞ ሰበታ ላይ ኩምሳን አሳፍራ ቲኬት ስትቆርጥለት “ያቺ ልጅ የት ደረሰች?” አላት። የሆነውን ነገረችው። በማግሥቱ ኩምሳ ዱላውን ይዞ ዲሬክተሩ ቢሮ ገባ። “ምራቴ አክብራኝ ነው የወረደች። እሷን ከቀጣችሁ እኔን ቀጣችሁ። ከሠርጓም በኋላ ትሥራ” ብሎ ወጣ። ሰበታ ሳቋን አቆመች።

ዋስ ግን አልተገኘም። ኩምሳ እንዳይፈርም በአማትና በምራት መካከል እንዲህ ያለ ወረቀት ነውር ነው። ቤት ለቤት ዞርኩ። ቀነ ገደቡ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ጠዋት ገብረየስ ቢሮዬ ገባ።

“ፎርሙን ያምጡት” አለኝ።

“ሪፖርቱን የጻፍከው አንተ አይደለህም?”

“ያየሁትን ነው የጻፍኩት። ወርዳለች፣ ወርዳለች ብያለሁ። ግን ከአለም ገና ሰበታ ድረስ በእግሯ መጥታ የገንዘቡን ቦርሳ ሳትነካው አስረክባኛለች። እሱን ማንም ስላልጠየቀኝ አልጻፍኩትም። እሱን ነው ያጠፋሁት።” ብዕሩን አነሣ። “ኦቦ መገርሳ፣ ከአገሬ መጥቼ በዚህ ከተማ አንድ ሰው አላውቅም ነበር። ባነጋገሬ የማይስቅ አልነበረም። አንቱ ስሜን እንኳ አስተካክለው ሳይጠሩት ዋስ ሆነው ፈረሙልኝ። ምኔን አይተው ነው?”

“ምንህንም” አልኩት። ፈርሞ ወጣ።

መሳቢያዬን ከፈትኩ፣ ያለሜ። ስሙን ለማላውቀው ሰው ፈርሜያለሁ። በጀርባዬ አዝዬ ላሳደግኳት ልጅ አልፈረምኩም።

ፎርምሽ አልጠፋም። ያኔ ሾፌሮቹ “የመገርሳ ልጅ ልትቆርጠን ነው” ብለው ሳቁ። ሳቃቸውን ፈራሁ። ይኸው ነው፤ ሌላ የሚያምር ምክንያት ሰባት ዓመት ፈልጌ አጣሁ። ፎርሙን መሳቢያዬ ውስጥ ከመዝገቡ ሥር አስቀመጥኩት። ልቀድደው ሁለት ጊዜ አውጥቼ ነበር፣ ጽሕፈትሽን ሳይ እመልሰዋለሁ። አንቺ ሻንጣሽን ይዘሽ ስትሄጂ ለምን እንደምትሄጂ አውቅ ነበር። አውቄ “በደህና ግቢ” አልኩሽ። ይቅር በይኝ፣ ልጄ።

ለተረፈች ፎቶግራፉን አምጥቼ ሰጠኋት። መነጽሯን ፈልጋ እስክታገኝ እንኳ አልጠበቀችም። “ልጄ!” አለች። ባርኔጣው እስከ ቅንድብሽ ወርዷል፣ እኔ ሦስት ጊዜ አይቼ አላወቅሁሽም። እሷ “አቋቋሟ ነዋ፣ ግራ እግሯን ታስቀድም የለ!” አለችኝ። ከዚያ ስለ ፎርሙ ነገርኳት። አራት ቀን አላናገረችኝም። በአምስተኛው ቀን የተናገረችኝን እዚህ አልጽፈውም።

ሚያዝያ 30 ቀን ስድስቱ ወር ሞላ። ሦስቱም ቋሚ ሆነዋል። ለመጪው ዓመት አሥራ ሁለት ሴቶች ይጨመራሉ። ክፍሏ ስለማትበቃቸው የገብረየስን ቢሮ ለእነሱ ሰጥተን እሱ ወደ እኔ ቢሮ ይመጣል፤ እኔ ከሐምሌ 1 ቀን ጀምሮ ጡረታ እወጣለሁና የስምሪት ሹሙ እሱ ይሆናል። ጡረታ ስወጣ ደግሞ ያ ክልከላ አይነካኝም፤ የድንቅቱንም ዋስትና ከእሱ እረከባለሁ። ቤትና ቦታ ያለኝ ሰው ነኝ፣ ለፈለግሁት ዋስ እሆናለሁ።

ስለዚህ ፎርምሽን አውጥቼ፣ ዋስ የሚለው ላይ ፈርሜ ልኬልሻለሁ። ዳሩ ትንሽ ቢጫ ሆኗል። ነይ ብዬ አላዝሽም፣ ያን ማለት የሚችል አፍ የለኝም። የአንቺ ስለሆነ ብቻ ነው የላክሁት።

መገርሳ


ዮተቦሪ፣ ሰኔ 4 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለአባቴ ለኦቦ መገርሳ

ካሁን በፊት አባቴ ብዬዎት አላውቅም። ዛሬ ሰላምታዬ ይህ ይሁን።

ፎርሙ ደረሰኝ። የሥራ ዕረፍት ላይ ትራሙ ውስጥ ነው የከፈትኩት። የአንቱን ፊርማ ሳይ አለቀስኩ፤ ያ ሽማግሌ መሐረቡን ሰጠኝ። ማን ሞተ ብሎ ጠየቀኝ፤ ማንም አልኩት። ሰባት ዓመት ተቀይሜዎት ነበር። ደብዳቤ ስጽፍልዎትም፣ ስስቅልዎትም ተቀይሜ ነበር። አሁን ፈልጌ አጣሁት።

ለእትዬ ተረፈች ይንገሩልኝ፣ ጋቢውን እንዳትልከው፤ እዚያው እለብሰዋለሁ። ከመስከረም በፊት እመጣለሁ።

ፎርሙ ላይ አንድ ነገር አስተካክያለሁ። “የሥራ ልምድ” የሚለው ላይ ያኔ “የለም” ብዬ ጽፌ ነበር። ሰርዤ “አራት ዓመት” ብዬበታለሁ።

ለአቶ ገብረየስ አንድ መልእክት ያድርሱልኝ። የትኛውም መስመር ላይ ቢመድበኝ እወጣለሁ፤ ሰበታም ቢሆን፣ ውርጩን ችዬ ሱሉልታም ቢሆን። ቡራዩ መስመር ላይ ግን እንዳይመድበኝ። ጡረታ ወጥተው አራተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠው ባይዎት፣ እኔም ባርኔጣዬን አውልቄ ፊቴን ሸፍኜ ነው የምወርደው።

ልጅዎ
ያለምወርቅ